ከሞረድ የተሠራው መሮ

አፍሪዬ የወንድሟን አዲስ መሮ ይዛ ኩማሲ እንጨት ተራ እየተንደረደረች ደረሰች። ቦአዱ የእንጨት ቶርኖ መማር ከጀመረ ገና ሳምንቱ ነው።

«ይሄ እኮ አሮጌ ሞረድ ነው! ማሽን ላይ እንደ ብርጭቆ ነው የሚሰበረው! ለጀማሪ ትሸጣለህ? አንተ ሰው፣ አታፍርም?»

ሻጩ ዶንኮርም ጮኸ። «ስሚ እህቴ፣ በቀን ስንቴ ልሰደብ? ጠዋት የቻልኩሽ የወንድምሽን ዓይን አይቼ ነው።»

«ዓይኑ ምን ሆነ? ማሽኑን ገና መች አስነሳና!»

«ደሙን በሻሽሽ ይዘሽ፣ እየጎተትሽ አላመጣሽውም? ይኸው፣ ወርውረሽብኝ የሄድሽው!»

ከጠረጴዛው ስር ለሁለት የተሰበረ መሮ አወጣ። እጀታው ላይ ቦአዱ ትናንት በጋለ ሚስማር የጻፈው የራሱ ስም አለ።

አፍሪዬ በእጇ የያዘችውን ገልብጣ አየች። ያው ስም፣ ያው የእጅ ጽሑፍ ነው። ብረቱ ግን ገና አልተሰበረም።