ደጋግሞ የሚረግብ ድቤ

አፍናን ድቤውን ከሚሞቅበት ፍም አጠገብ አንስታ በመዳፏ መታ አደረገችው። ቆዳው ተወጥሮ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳዋን በብርድ ልብስ በሸፈነቻት የከሚሴ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ማይክ ፊት ለተቀመጡት አባቷ አቀበለቻቸው። ከባሕር ማዶ የመጣችው መንዙማቸውን ሳትቀዳ እንዳያመልጣት ነበር። ጠዋቱን ሙሉ ግን አንድም የሚረባ ቅጂ አላገኘችም፤ ገና ሳይጀምሩ ቆዳው ይረግባል።

«የቦርከና ወንዝ ወበቅ ይሆናል» አለች፤ ራሷም አላመነችውም።

«እዚያ ማዶ እሳት ማንደድ እንኳ አላስተማሩሽም እንዴ?» አባቷ ሳቁ። ሳቃቸውን ሳል አቋረጠው።

መቅጃውን ልትከፍት ስታጎነብስ በጠቆረው የላፕቶፕ ስክሪን ነጸብራቅ ከኋላዋ አየቻቸው። ከውዱእ ማንቆርቆሪያቸው ውሃ በመዳፋቸው ይዘው፣ ትኩሳት የያዘውን ልጅ ግንባር እንደሚያብስ ሰው፣ የድቤውን ቆዳ ቀስ እያሉ ያረጥቡታል። ከዚያ መታ አድርገው አንድ ስንኝ ለራሳቸው አንጎራጎሩ። ድምፃቸው ቀጭንና የተሰነጠቀ ቢሆንም በታፈነው ምት ላይ ተሰማ። ድቤው ጥርት ብሎ ቢመታ ግን ይህ ድምፅ በተዋጠ ነበር።

አፍናን ዞር ሳትል እስኪያበቁ ጠበቀች።

«ያ ረቢ! አሁንም ረገበብኝ፣ ልጄ» አሉ አባቷ። «እስቲ አሙቂው።»

ከሰል ምድጃው ላይ ፍሙ ቀልቷል። ጀርባዋን ሰጥታቸው አመድ አለበሰችው።

«ፍሙ ከስሟል፣ አባ» አለች። «እንዲሁ ይምቱት።»