የማትሰማው መምህርት

በ1997 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ትምህርት ከመምህሩ አፍ በሳተላይት ወደሚተላለፈው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ በዚህ የመቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመምህርት ገሊላ የተረፋት ድርሻ የተቆለፈበትን ሣጥን ከፍቶ ቴሌቪዥኑን ማብራት፣ ሲያበቃም ማጥፋት ነው።

ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት ዛሬ «ሲንስ» እና «ፎር» የሚለያዩበትን ታስተምራለች። እንደ ጥይት ትናገራለች። ጥያቄ ጠየቀችና ጥቂት ጠበቀች። ከሞላው ክፍል አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

«ቬሪ ጉድ!» አለች ሴትዮዋ በፈገግታ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ቲቸር፣» አለ ዲንቃ ከኋላ ወንበር፣ «ዝም ስንላት ጎበዝ ካለችን፣ የአሥረኛ ክፍሉንም ፈተና እሷው ትረምልና!»

ገሊላ አልሳቀችም። ፈተናው ደርሷል። አምና በዚሁ ወንበር ተቀምጠው ሲመሰገኑ የከረሙት አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ወድቀው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ተራምዳ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

«ኢሊሊ፣ ተነሺ። ከሁሩሙ ወረዳ መጥተሽ እዚህ መቱ ቤት የተከራየሽው መቼ ነው?»

ልጅቷ በሩን በስጋት አየችው። «በምን ቋንቋ ልመልስ፣ ቲቸር?»

«አፍሽ ላይ በመጣልሽ።»

«ፉልባና» አለች ኢሊሊ በኦሮምኛ፤ መስከረም ማለቷ ነው።

«እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«ስድስት ወር።»

ገሊላ ጠመኔ አንሥታ ሰሌዳው ላይ አንድ ነጥብ አኖረች፤ ከነጥቡም ረጅም መስመር ሳበች። «ነጥቡ መነሻው፣ መስከረም ነው፤ ሲንስ። መስመሩ ርዝመቱ፣ ስድስቱ ወር ነው፤ ፎር። እኛ በየቋንቋችን ‹ከስድስት ወር ጀምሮ› ማለት ስለለመድን ርዝመቱን መነሻ እናደርገዋለን። የምንስተው እዚህ ላይ ነው።»

«ለካ ይኼው ነው!» አለ ዲንቃ። አሁን አልቀለደም።

በሩ ተበረገደ። የክፍሎቹ ተቆጣጣሪ፣ ዩኒት ሊደሩ አቶ አሰፋ ነበሩ።

«መብራት ሄደ እንዴ?»

«አልሄደም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«እንደገና? ፕሮግራሙ ካለፈ አይመለስም እኮ! ደግሞ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ኦሮምኛ! እዚያ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል።»

«ልጆቹን ያለፋቸውስ ይመለሳል?»

«አንቺ ከመንግሥት ታውቂያለሽ?»

ገሊላ ድምፅዋን አላነሣችም፤ የተቆጣች ጊዜ ቃሏ ይቀዘቅዛል። እስከ ዛሬ «ጋሼ» ነበር የምትላቸው። «አቶ አሰፋ፣ ይግቡ። ሴትዮዋ የጠየቀችውን እርስዎ ይጠይቋቸው። ካልመለሱ መልሰው ያብሩት።»

እጆች ተነሡ፤ መጀመሪያ የኢሊሊ፣ ከዚያ የዲንቃ፣ ከዚያ የረድፉ ሁሉ። አቶ አሰፋ የተነሡትን እጆች አዩ፤ ማንንም ግን አልጠየቁም።

«ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ዛሬ ይደርስሻል» አሉ። «ከዚያ በኋላ ገጠር፣ ኖፓ ነው የምትመደቢው። በኋላ አልሰማሁም እንዳትዪ።»

ገሊላ ሣጥኑን ቆለፈችና ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አኖረችው።

«ከነገ ጀምሮ እስከ ፈተናው ድረስ» አለች፣ «የማስተምራቸው እኔ ነኝ።»