የድንክዬዋ ምድጃ

አማትየው ጓሮው መቆፈር የጀመረ ዕለት ነገሩ ገባቸው።

«ሊያገባ ነው» አሉ ለጎረቤታቸው፣ ለጡረተኛዋ አዋላጅ።

«በጉድጓድ?»

«ምን ጉድጓድ ነው! ምድጃ ነው የሚያሠራው። የደጅ ማብሰያ፣ ረጅም የጭስ ማውጫ፣ ዙሪያውን መቀመጫ ያለው የእሳት ማንደጃ። ወንድ ልጅ ብቻውን እሳት ሊሞቅ ይሄን ሁሉ ድንጋይ ያስጭናል?»

አዋላጇ አሰቡበት። ወንዶችን ያውቃሉ። አያስጭንም።

የአማትየው ልጅ፣ የአማቻቸው ሚስት፣ ከሞተች ዓመት አልፏል። ከዚያ ወዲህ አማትና አማች የሚኖሩት በአንድ ጣራ ሥር ነው፤ ይነጋገራሉ ማለት ግን አይደለም። አማትየው ያሰቡትን ለድስቱ ይናገራሉ፤ አማቹ ይሰማል። አማቹ ያሰበውን ለትንሿ ልጁ ይነግራታል፤ አማትየው ይሰማሉ። በዚህ ዓይነት አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም። ተግባብተውም አያውቁም።

አማትየው የሚፈሩት አንድ ነገር ነበር። አዲስ ሚስት በፊት በር ስትገባ የአሮጊት አማት ሻንጣ በኋላ በር ይወጣል። የልጅ ልጃቸውን ፀጉር የሚጎነጉነው የሌላ ሴት እጅ ይሆናል።

ስለዚህ መሰለል ጀመሩ። ኩሽናው ውስጥ፣ ሳጥናቸው ላይ ቆመው፣ ድስት እያማሰሉ በመስኮቱ ያዳምጣሉ። ሥራው ቀላል አልነበረም። የኩሽናው ጭስ መውጫ የለውም፤ ጭስ ያስላል፤ ሳል ደግሞ ሰላይ ያጋልጣል።

«የማብሰያ ጠረጴዛ የሚለካው በሚሠራበት ሰው ክርን ነው» አለ ግንበኛው። «ቀጥ ብለው ሲቆሙ ክርን ድንጋዩ ላይ እርፍ ማለት አለበት። ከፍ ካለ ትከሻ ይገድላል፣ ዝቅ ካለ ወገብ። የት ድረስ ይሁን?»

አማቹ ከኪሱ ቋጠሮ ያለበት ሲባጎ አወጣ። ግንበኛው ወደ መሬት ዘርግቶ አየውና ሳቀ።

«አጭር ናት እንዴ?»

«አጭር» አለ አማቹ።

«ድንክ!» አሉ አማትየው ለድስቱ። ደስታቸው ልክ አልነበረውም። እሳቸው ራሳቸውን የሚያውቁት ረጅም አድርገው ነው። በወጣትነታቸው ቁመናቸው ያስደነግጥ ነበር፤ ማንን እንዳስደነገጠ አይናገሩም እንጂ። ከሳጥናቸው ወርደው ወሬውን ሳይቀዘቅዝ ለአዋላጇ አደረሱ።

ያን ሰሞን የቤት ቀሚሳቸው ከማስጫው ገመድ ላይ ጠፍቶ ውሎ፣ ማታ ተመልሶ ተሰቅሎ ተገኘ። እሱንም በሙሽራይቱ አሳበቡ።

በሚቀጥለው ሳምንት ከኩሽናው ወደ ጓሮ የሚያወርደው ደረጃ ፈረሰ። በቦታው ለስላሳ ተዳፋት ተሠራ፤ በጎኑ የእጅ መደገፊያ ብረት ቆመ።

«ደረጃ የማትወርድ ሙሽራ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ነፍሰ ጡር ትሆናለቻ» አሉ አዋላጇ፣ ሙያቸው ነውና።

አማትየው ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ከዚያ የውሃው ነገር መጣ። «ቧንቧው የሚጠመዘዝ አይሁን» አለ አማቹ። «ገፋ ሲያደርጉት የሚከፈት ይሁን።»

«ቧንቧ ማዞር የማትችል!» አሉ አማትየው ለድስቱ። «ሚስት ነው የሚያመጣው በሽተኛ?» የዘይቱን ጠርሙስ ለልጅ ልጃቸው ሰጧት፤ ልጅቷ እንደ ልማዷ ክዳኑን ከፍታ መለሰችላቸው።

ማንደጃው ሲሠራ ግንበኛው እሳቱ ለመቀመጫው በጣም ቀረበ ብሎ ተከራከረ። አማቹ፣ ይቅረብ፣ ሙቀቱ ጉልበት ድረስ ይምጣ አለ።

«ብርዳምም ናት» አሉ አማትየው፣ ሁለተኛውን ሹራባቸውን እየደረቡ። «አጭር፣ ብርዳም፣ ጉልበተ ቢስ፣ እጀ ሰባራ።»

«ታዲያ ምኗን ወደደው?» አሉ አዋላጇ።

«እሱንማ እኔም አልገባኝም።»

ቅዳሜ ሥራው አለቀ። አማቹ ልጁን ጠርቶ፣ ሆን ብሎ ጮክ አለ። «ለእማማ ንገሪያቸው። ነገ እሳቱ ይለኮሳል። የትም እንዳይሄዱ።»

አማትየው ሰሙ። ለሙሽራይቱ አጨብጫቢ ሊያደርጋቸው ነው! ሳይባረሩ መሄድ ክብር ነው ብለው ለወንድ ልጃቸው ስልክ ደወሉ። የእሱ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፤ ያው፣ የራስ ልጅ ነው።

«አዲሷን እናትሽን እንዳታስቸግሪ» አሏት የልጅ ልጃቸውን፣ ሻንጣቸውን እየዘጉ።

«ማንን?»

«ትደርሽበታለሽ።»

እሑድ ጠዋት የወንድ ልጃቸው መኪና በር ላይ ጥሩምባውን ነፋ። አማቹ ማገዶ ሊገዛ ወጥቷል። ልጅቷ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። አዋላጇ ሊሰናበቱ መጥተዋል።

«ሳልሄድ የድንክዬዋን ዙፋን ላሳይሽ» አሉ አማትየው። መደገፊያውን ይዘው፣ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ፣ በተዳፋቱ ወረዱ። ለወትሮው ጓሮ ሲወርዱ በየደረጃው «ወይ ጉልበቴ» ይሉ ነበር።

«እይ እንግዲህ። እኔ ብቆምበት ጉልበቴ ጋ ነው የሚቀረው።»

መኪናው ደግሞ ነፋ።

«መጣሁ አልኩ እኮ!» ብለው ጮኹ። ሻንጣውን አስቀመጡ፤ የዱሮ ቁመናቸውን መልሰው፣ አዋላጇ በደንብ እንዲያዩላቸው ጠረጴዛው ጋ ቀጥ ብለው ቆሙ።

ክርናቸው ድንጋዩ ላይ እርፍ አለ።