የምላጩ ጓድ

ከአምስቱ ሃያሲዎች አራቱ የኮምፒውተር ጨዋታውን አፈር ድሜ አብልተውታል። የቀረው አንድ ብቻ ነው።

ጨዋታውን የሠራው ትንሽ ቢሮ ኃላፊ እታለም የአራቱንም ጽሑፍ አትማ ጠረጴዛዋ ላይ ደርድራዋለች። ቁስሉን ካልነካካ የማይሆንለት ሰው አለ፤ እሷ ከነዚያ ናት።

ጨዋታው «ሁለት በምሽግ» ይባላል። ሁለት ወታደሮች ተደጋግፈው ከተከበበች ከተማ የሚወጡበት የጦርነት ጨዋታ ነው። አብሮት የሚጫወት ጓደኛ ለሌለው ሰው ሁለተኛውን ወታደር ኮምፒውተሩ ይሆንለታል። ጉዱ የፈላውም እዚህ ላይ ነው። «ጓዴ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ዋለ» ይላል አንዱ ሃያሲ። «ቆስዬ ስጣራ ቆሞ አየኝ» ይላል ሌላው፤ ከአስር ሁለት ሰጥቶታል።

ያንን ጓድ የሠራው የእታለም ታናሽ ወንድም ነው። ቢሮው በሙሉ «እታለም» የሚላትም ከእሱ ሰምቶ ነው። ያሳደገችው እሷ ናት። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ግን አንድ ጊዜ ጥሏት ወደ ተፎካካሪ ድርጅት ሄዶ ነበር። ታርቀዋል፤ ነገሩ ግን ከሆዷ አልወጣም።

አምስተኛው ሃያሲ ምላጩ ነው። ይህን ስም ያወጡለት የላጫቸው ሰዎች ናቸው። ተጫዋቹ ሁሉ እሱ ያላመሰገነውን አይገዛም። ለጨዋታው ገንዘብ ያወጣው አሳታሚ ድርጅት ቁርጡን ነግሯታል፤ ምላጩም ካጣጣለው ዓርብ ቢሮው ይዘጋል። ሰባት ሰው ይበተናል። የጨዋታውን ሥዕል የምትሠራው ሠዓሊ ልትወልድ አንድ ወር ነው የቀራት።

«አስተካክለዋለሁ» አላት ወንድሟ።

«በስድስት ወር ያልተስተካከለውን በአንድ ቀን?»

«ለእኔ ተይው። ምላጩ መቼ ነው የሚጫወተው?»

«ነገ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ። ብቻውን ነው፤ ያ ሰው ጓደኛ ያለውም አይመስለኝ።»

«ቅጂውን እኔው ራሴ እልክለታለሁ። ኢንተርኔቱን እንዳያጠፋ ብቻ ንገሪልኝ፤ ስህተት ካለ ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ።»

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወንድሟ አንድ ጠርሙስ ውሃና ጆይስቲኩን ይዞ ኋላ ያለችው ጠባብ ክፍል ገባና ከውስጥ ቆለፈ።

እታለም መቀመጥ አልሆነላትም። አምስት ሰዓት ግድም በሩ ጋ ሄዳ ጆሮዋን ጣል አደረገች። ወንድሟ በቀስታ ያወራል።

«አይዞህ፣ መጣሁልህ… ትንሽ ብቻ ጠብቀኝ… አብረን ነው የምንወጣው።»

ከተፎካካሪው ድርጅት ጋር እያወራ መሆን አለበት። ቢሮው ሳይዘጋ ቦታ እያስያዘ ነው፣ ያውም በዛሬው ቀን!

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዓይኑ ደም መስሎ ወጣ። የቀኝ እጁን አንጓ በጨርቅ ጠቅልሎታል። ቁራሽ ዳቦ አንስቶ እንደቆመ ጎረሰ።

«እጅህን ምን ሆንክ?»

«ምንም።»

«ከማን ጋር ነበር የምታወራው?»

«ከማንም።»

«እኛ እዚህ ነፍሳችን ተንጠልጥላለች፤ አንተ…»

«ምሳውን በልቶ ሊመለስ ነው» አላት ሰዓቱን እያየ፤ ዳቦውን ሳይጨርስ ወደ ክፍሉ ሮጠ፤ በሩ ተቆለፈ።

እታለም መታጠቢያ ቤት ገብታ አለቀሰች። ድርጅቱ ቢዘጋ ይዘጋ። ያሳደገችው ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ሲከዳት ግን የምትችለው አልመሰላትም። ስትወጣ የሠዓሊዋን ሆድ ላለማየት ወለል ወለሉን እያየች አለፈች።

አስር ሰዓት ላይ የምላጩ ጽሑፍ ወጣ። ማንም ለመክፈት አልደፈረም። በመጨረሻ ሠዓሊዋ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ጨዋታው ራሱ እንዲሁ ደህና ነው። ጓዱ ግን ሌላ ነው! ድልድዩ ላይ ስመታ በጥይት መሃል ተሸክሞ አወጣኝ። ምሳ በልቼ ስመለስ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ጠበቀኝ። አንድ ቦታ መንገድ ቢጠፋብን እሱም እንደኔው ግራ ገብቶት ሲዞር ነበር። በሃያ ዓመት እንዲህ ያለ የኮምፒውተር ወታደር አላየሁም። ብቻችሁን የምትጫወቱ ሁሉ ለጓዱ ስትሉ ዛሬውኑ ግዙት። ከአስር ዘጠኝ።»

ቢሮው በእልልታ ተናጋ። ሠዓሊዋ ወንበር ይዛ ተንሰቀሰቀች። አስራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አሳታሚው ደወለ፤ ድምፁ ማር ሆኗል። ቢሮው አይዘጋም።

እታለም ስለጠረጠረችው ነገር እፍረት ገደላት። እየሮጠች ወደ ኋላው ክፍል ሄደች። አሁን በሩ አልተቆለፈም። ወንድሟ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሁለት እጁን ለብ ባለ ውሃ ነክሮ ተቀምጧል። ግንባሩን ሳመችው።

«ይቅር በለኝ፣ የኔ ጌታ። ክፉ ነገር ጠርጥሬህ ነበር። አዳንከን እኮ!»

«ስንት ሰው ገዛው?»

«እስካሁን አርባ ሺህ! ገና ይጨምራል!»

ወንድሟ ቀና ብሎ አያት።

«እታለም፣ እኔ እኮ ያለኝ ሁለት እጅ ነው።»