ሮቦቱን ያቆመው ሰው

ተቆጣጣሪው ታናሽ ወንድሙን ፋብሪካው ያስገባው ራሱ ዋስ ሆኖ ነው። "ለእሱ እኔ አለሁ" ብሏት ነበር ሥራ አስኪያጇን። ወንድሙ በየሄደበት በስንፍና እየተባረረ የእናታቸውን አንገት ያስደፋ ሰው ስለሆነ፣ ይህን ሲል ድምፁ ሳሳ ብሎበት ነበር።

ሥራው ካርቶን የሚደረድረው ሮቦት ጋ ነው። አንዱን ቁልፍ ሲጫኑት ምልክቱ ለሮቦቱ ይደርሰውና ካርቶን ያነሳል፤ ሌላውን ሲጫኑት ይደረድራል፤ በቀዩ ይቆማል። ዙሪያው በሽቦ አጥር ተከልሏል። ሰው በመግቢያው ልለፍ ካለም ከምሰሶ ወደ ምሰሶ የሚያልፍ የማይታይ ጨረር ይቋረጥና ሮቦቱ ባለበት ቀጥ ይላል።

መጀመሪያ አካባቢ ሁሉም ሰላም ነበር። በኋላ፣ ተቆጣጣሪው ብቅ እያለ ወንድሙን ማየት ሲጀምር፣ ሮቦቱ ካርቶን እንዳንጠለጠለ መቆም አመጣ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው "የማቆሚያ ምልክት ደርሷል" የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው።

"ቀዩን ተጭነኸዋል?" አለው ተቆጣጣሪው።

"ኧረ ጋሼ፣ እጄንም አላስጠጋሁ።"

"ታዲያ ማን ነካው?"



"ሮቦቱንም ስንፍና አስተማረው" አለች ካርቶን አሻጊዋ፣ ለምሳ ሲወጡ።

"የለም፣ እሱም እንደኛው አለቃ ሲያይ እጁ ይተሳሰራል" አላት የፎርክሊፍቱ ሹፌር።

ተቆጣጣሪው እንዳልሰማ ሆኖ አለፈ። ጆሮው ድረስ ግን ጋለ።

ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከወንድሙ ላይ አልነቀለም። ፋታ ባገኘ ቁጥር እየመጣ፣ መግቢያው ምሰሶ ላይ ክርኑን አስደግፎ ይቆማል። ብዙ አይቆይም፣ ሮቦቱ ይቆማል። ወንድሙን ያልበዋል። ተቆጣጣሪው ደግሞ የሚገባበት ይጠፋዋል።

አንድ ቀን መኪና ጭነት እየጠበቀ፣ ሥራ አስኪያጇም ከተቆጣጣሪው አጠገብ ቆማ ሳለ ሮቦቱ እንደገና ቆመ። ተቆጣጣሪው ወደ ሠራተኞቹ ዞረ።

"ከእንግዲህ ወንድምህ ነው እንዳትሉኝ።"

ወንድሙ ጓንቱን አውልቆ ቁልፎቹ አጠገብ አስቀመጠና ወጣ።

ማምሻውን እናታቸው ደወለች። "ልብሱን ሰብስቦ ሄዷል፤ ሚስቱ እዚህ እኔ ጋ ታለቅሳለች። ምን ብለኸው ነው?"

"እውነቱን" አላት።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጇን ይቅርታ ጠየቀ፤ ዓይኗን ቀና ብሎ ማየት አቅቶት መሬት መሬቱን እያየ። ቁልፎቹ ጋ ካርቶን አሻጊዋ ተተካች። እሱም ነገሩ መስተካከሉን በዓይኑ ሊያይ እንደ ልማዱ ምሰሶው ጋ ሄዶ ቆመ።

ሮቦቱ ካርቶን እንዳንጠለጠለ ቀጥ አለ።

የጥገና ባለሙያው ተጠርቶ መጣ። ስክሪኑን አየ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈተሸ፣ አጥሩን ዞረው። ከዚያ ተቆጣጣሪው ፊት ሲደርስ ቆመ።

"አለቃ፣ ክርንዎን ከምሰሶው ላይ ያንሱልኝ፤ ጨረሩን ከልለውታል።"