ሥጋ የሌለበት ምሳ

የባሏ እናት ከጥብሱ ለስላሳውን መርጠው አፏ ድረስ አመጡላት። ልብስ ሰፊዋ ምራታቸው እጃቸውን በቀስታ ያዘች። "ይቅርብኝ እማማ።"

"ልጅ እፈልጋለሁ እያልሽ? ሥጋ ያልነካች ሴት ምን ልትወልድ ነው? ነፋስ?" ባሏ ሊስቅ አለና ፊቷን አይቶ ተወው። "ሥጋም እንቁላልም ውስጥ ፌኒላላኒን የሚባል ነገር አለ" አለች። "ሰው ሁሉ ያስፈልገዋል። የእኔ ጉበት ግን ትርፉን መፍጨት አይችልም፤ ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ደሜ ውስጥ ከተጠራቀመ የማረግዘውን ልጅ አንጎል ይጎዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ደሜ ይስተካከላል፣ ከዚያ አረግዛለሁ። እስክወልድም ሥጋ አልነካም።" ሐኪሙ በሥጋ ፈንታ ያዘዘላትን፣ በብርጭቆ ውሃ የተበጠበጠ ዱቄት አነሳች። ሽታው የከረመ ዓሣ ነበር። ዐይኗን ጨፍና ግማሹን ጠጣች።

አሮጊቷ ብርጭቆውን ከእጇ ወስደው አሸተቱ፤ አላመኑም መሰል ፉት አሉት። ፊታቸው ተጨማደደ፣ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። "ይኼን በቀን ስንቴ ነው የምትጠጪው?"

"ሦስቴ።"

አሮጊቷ የጥብሱን ሳህን ከፊቷ አንስተው ለልጃቸው አስታቀፉት። "አንተ፣ ውጣና ደጅ ብላ!" ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉና ብርጭቆውን መለሱላት። "በይ ጨርሺው የኔ ልጅ። አፍንጫሽን እኔ እይዝልሻለሁ።"