የውሻዋ ስም

ቨርና የላስቲኩን ዳክዬ ባላት ኃይል ወረወረችው። ዳክዬው ሐይቁ ላይ ጧ ብሎ አረፈ። ጥቁሯ ውሻ ግን የውሾች ዝላይ ውድድሩ መዝለያ ጣውላ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች።

«ሂጂ! ዝለዪ እንጂ!»

ውሻዋ ጆሮዋን አቁማ ቀና ብላ አየቻት። ከቦታዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ከእሷ በፊት የወጡት ሁሉ፣ የዳቦ ቤቱ ድብልብል ቡችላ ሳይቀር፣ ዳክዬው ገና ከእጅ ሲወጣ ነበር ተከትለውት የዘለሉት።

ቋሊማና ቢራውን ይዞ ዳር ላይ የተኮለኮለው የከተማው ሰው ሳቀ። «ውሃው ቀዝቅዟት ነው፤ አሙቁላት!» አለ አንዱ።

«ተይው በቃ፣ ቨርና» አለ የሟች ባሏ ወንድም ዴልበርት፣ ውሃው ዳር ቆሞ። «የአደን ውሻ ሶፋ ላይ ስታስተኚ ይኸው ነው። ቃልሽ ቃል ነው አይደል? ዛሬውኑ መኪናዬ ላይ ትወጣለች።»

ቃሏ ቃል ነበር። ባሏ አርቪድ በበረዶው ወራት ከሞተ ወዲህ ዴልበርት ውሻዋን ስጪኝ እያለ መቆሚያ መቀመጫ ነሥቷታል። ፋሲካ ዕለት ምሳ ላይ ብሽቅ አለችና «በሐይቁ በዓል ለእኔ ካልዘለለች ውሰዳት» አለችው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ቤቷ ውስጥ ከእሷ ሌላ የሚተነፍስ ነገር ያቺ ውሻ ብቻ መሆኗን ያሰበችው ማታ ነው።

እዚህ ዊስኮንሲን ውስጥ በደንብ የተገራ የዳክዬ አዳኝ ውሻ፣ ወፍ ስለወደቀ ብቻ አይነሳም። ጌታው ስሙን ጠርቶ እስኪልከው ይጠብቃል። ቨርና ይህን አጥታው አይደለም። ውሻዋ ቤታቸው ዳር ስትጫወት ማንም ሳይልካት ውሃ ውስጥ ስለምትገባ፣ ዛሬም እንደዚያው መስሏት ነበር። ውሻዋ ግን ዳክዬ ስታይ ጨዋታ ሳይሆን ሥራ መሆኑ ገባት።

ስሟ ደግሞ ሎሬን ነው። ሎሬን አርቪድ ቨርናን ከማግባቱ በፊት ያጫት ሴት ናት፤ ታሪኩን የማያውቅ የከተማው ሰው የለም። ቡችላዋን ያመጣ ዕለት «ስም ነው፣ ምን አለበት?» ብሎ ነበር አርቪድ። ቨርና ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንቺ» ትላታለች፣ «እናቴ» ትላታለች እንጂ ያንን ስም አፏ ላይ አድርጋው አታውቅም። ሴትዮዋ ሎሬን ራሷ ይኸው እዚያ ማዶ ለቤተ ክርስቲያኑ ኬክ ትሸጣለች።

«ሰዓቱ እያለቀ ነው!» አለ ማይክ የያዘው ሰውዬ።

ዴልበርት ወደ መዝለያው ጠጋ ብሎ ፈገግ አለ። «ምን እንደምትጠብቅ ታውቂያለሽ እኮ። ጥሪያት እስቲ! አትደፍሪም።»

የቨርና ደም ፈላ። በዴልበርት ተናደደች፣ በአርቪድ ተናደደች፣ አፏን ይዛ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ተናደደች። ስሙን ያወጣው እሱ ይሁን፤ ያበላቻት፣ ያጠበቻት፣ ስትታመም አብራት ያደረችው ማን ሆነና!

«ሎሬን!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ኬክ ሻጯ ቢላዋዋን እንዳነሣች ቀረች። ውሻዋ ግን የሰው ነገር አያገባትም፤ ተስፈንጥራ ውሃው ላይ በሆዷ ተዘረጋች። ዳኛው የጭራዋ ሥር ውሃውን የነካበትን ቦታ ለካ። የዕለቱ አጭሩ ዝላይ ነበር።

ዳክዬውን ነክሳ ወደ ዳር ስትዋኝ ዴልበርት ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ውሃው ውስጥ ገብቶ እጁን ዘረጋላት። «ነይ ሎሬን፣ ነይ የእኔ ልጅ፣ ለእኔ ስጪኝ።»

በአጠገቡ አልፋ ወጣች። መዝለያው ላይ ተመልሳ ቨርና ፊት ቁጭ አለችና ዳክዬውን እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

«ሁለተኛ ዝላይ ይቀርሻል፣ እማማ» አለ ባለማይኩ፣ «ደክሟት ከሆነ ግን ይብቃሽ።»

«ማን ጠየቀህ?» አለች ቨርና።

ዳክዬውን ከመጀመሪያው አርቃ ወረወረችው። ከዚያም ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኻ ጠራቻት፤ ስሙን ሳትጨርሰው ውሻዋ አየር ላይ ነበረች።